ዱዓ የተደረገበት ስፒከር

ሚዛን ተፈሪ፣ የካቲት 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ሻሚል፣

አጎትህ አባቦራ ካሴት መስማት የተወው በአንተ ነው። ሰላምታውን ቀጥዬ አደርስሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ይህን እወቅልኝ። የእርጅና ጥፋት አይደለም፤ የመብራት መቆራረጥም አይደለም። የሻሚል ጥፋት ነው። የባሌ የወንድም ልጅ፣ ከጨቅላነትህ ጀምሮ በዚህ ቤት ያሳደግሁህ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ለባለጸጋ የሙዚቃ ማጫወቻ በሚሸጥ ሱቅ ተቀጥረህ የምትሠራው ሻሚል።

አሰላሙ አለይኩም። እኛ ደህና ነን፤ ላሟ ወልዳለች። ይኸው፣ ሰላምታው ደረሰ።

የላክኸው ስፒከር ከመጣ ወዲህ ለምን እንደጠፋን ጠይቀሃል። አልጠፋንም። የምንለው ነው የጠፋን።

የደረሰ ዕለት ከአውቶቡስ ተራ እስከ ቤታችን በሸክም መጣ። እንደ ጥቁር መስተዋት ያብለጨልጫል። ጎረቤቱ ተከትሎት ገባ። ልብስ ሰፊው ጀይላን «ይሄማ ስፒከር አይደለም፤ አማች ነው፤ ተነሡለት እንጂ!» ብሎ ሁሉንም ከመቀመጫው አስነሣ። ገና ገመዱ ሳይሰካ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ላኪውን አላህ ይጨምርለት፤ ዕቃውን የኸይር መስሚያ ያድርገው፤ አሚን፣ አሚን። አየህ፣ ሳይሰማ ተመረቀ።

ከዚያ የአባቦራ አንድ መንዙማ ተከፈተ። ሁሉም «ማሻአላህ! ጥርት!» አለ። ጥርት ማለቱንስ ጥርት ይላል። ምላጭም ጥርት ይላል። እንግዳው አንድ ገጽ ሰምቶ፣ መርቆ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዕቃው ጋር የቀረነው እኛ ነን።

የአባቦራን ውሎ ታውቀዋለህ። ጅማ ሄዶ ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ከሆነ ወዲህ ከሹክሹክታ በላይ አይወጣለትም። ከቴፒ እስከ ሸኮ ሐድራ ላይ፣ በሌሊቱ የዱዓ ጉባኤ፣ እየተጠራ መንዙማ ያወጣ የነበረ ሰው፣ አሁን ሥራው በየሐድራው የተቀዱትን የራሱን ካሴቶች ከጠዋት እስከ ዐሱር ሶላት እየሰማ ለተማሪዎቹ የሚሆኑትን መለየት ነው። እሱ ሲሞት መንዙማዎቹ የሚቀሩት በእነዚያ ካሴቶች ነው። አሮጌው ቴፕ ሲንኮሻኮሽበት ለአንተ የጻፍኩት ይህን ነበር፦ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሰማው የማይደክመው ይሁን፤ የሚጮህ አልፈልግም። እንዲህ ብዬ አልጻፍኩም?

በመጀመሪያው ቀን ግንባሩን ሲያሽ ዋለ። ሰንበት ሲል ከቀትር በፊት ማጥፋት ጀመረ። «ስፒከሩ ነው?» ስለው «ኧረ ጥሩ ነው፤ ልጁ የላከው አይደል?» ይለኛል። ለስጦታ እንከን አይወጣለትም፤ አንተም እኔም በዚህ ነው ያደግነው። ባለፈው ሐሙስ ግን ካሴቱ እየዞረ ወደ እኔ ዞረና «ከድጁ፣ ድምፄ እንዲህ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«እንዴት?»

«እንዲህ ጆሮ የሚበሳ። ሰው ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ቻለኝ?»

ከዚያ ካሴቶቹን በሙሉ ጆንያ ውስጥ ከተታቸው። ለጀይላን ስጪው፣ የፈለገውን ይቅዳባቸው አለኝ። ባዶ ካሴት ውድ ነው፤ ይጠቀምበት አለ። ጆንያው ጓዳ ተቀምጧል። ዛሬ ዝናብ ነው፣ ነገ ጀይላን ሥራ ይዟል እያልኩ አቆየዋለሁ። ምክንያቴ እያለቀ ነው።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ይህን ዕቃ ከመላክህ በፊት የአጎትህን ካሴት ከፍተህ፣ ቁጭ ብለህ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ሰምተኸዋል ወይ?

ስልክ እንዳትደውል። ቴሌ ሄጄ ስናገር ተሰላፊው ሁሉ ጆሮውን ያቆምና እኔም እንደ ሞኝ «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ብዬ እዘጋዋለሁ።

አክስትህ ከድጁ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ከድጁ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? አባስ እንዴት ናቸው? ጉሮሯቸውን ብርድ እንዳይመታቸው አደራ። ላሟ በሰላም በመገላገሏ አልሐምዱሊላህ። ጀይላን፣ ሼህ ኑዕማን፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዴት ነው? የላኩልኝ ማርና ኮረሪማ ደርሶኛል። ማሩን ከጓደኞቼ ደብቄ ነው የምበላው።

ደብዳቤዎን ሳነብ በጣም አዘንኩ። ግን አክስቴ፣ ስፒከሩ ተራ ዕቃ አይደለም። ከሱቃችን ዕቃ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ሰው ገብቶ ድምፁን ሲሰማ ቆሞ ይቀራል። የአንድ ኤምባሲ ሰው ያንኑ ዓይነት ገዝቶ «በዘፋኙ አፍ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ» ብሎናል። ስለዚህ ችግሩ ከአቀማመጡ ይመስለኛል።

ቤቱ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ድምፁ እየተመላለሰ ይጋጫል። እባክዎ ምንጣፍ ያንጥፉ፤ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይም ጋቢ ወይም ምንጣፍ ይስቀሉ። ስፒከሩን ከጥግ አውጥተው ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ያርቁት። ፊቱን በቀጥታ ወደ አባ ጆሮ አያዙሩት፤ ትንሽ ጎን ያድርጉት። ከላይ ያለችው ትንሿ ክብ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣ ናት፤ አብሬ በላክሁት አምፕሊፋየር ላይ «ትሬብል» የሚለውን ቁልፍ ወደ ግራ ሲያዞሩት እሷ ትለዝባለች።

አባን ድምፃቸው እንደ ማር ነው ይበሏቸው። እኔም እንደዚያ ብያለሁ ይበሏቸው። ካሴቶቹን ለጀይላን እንዳይሰጡ በአላህ ይሁንብዎ።

የጠየቁኝን ነገር በሌላ ደብዳቤ እመለስበታለሁ። የሥራ ብዛት ነው።

ልጅዎ ሻሚል


ሚዛን ተፈሪ፣ መጋቢት 27 ቀን 1995 ዓ.ም.

ሻሚል፣

በሌላ ደብዳቤ እመለስበታለሁ አልክ? እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ። ሀ ሁን አስተማሩኝ እንጂ ዙሪያ ጥምጥም መጻፍ አላስተማሩኝም። አዎ ወይም አይደለም ማለት ለተማረ ሰው ይከብደዋል?

ያልከውን ሁሉ አድርጌያለሁ። የሳሎኑን ምንጣፍ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ጀይላን ሲገባ አይቶ «ግድግዳው ሊሰግድ ነው?» አለኝ። ቁልፉን ወደ ግራ አዞርኩት። ስፒከሩን ከጥግ አውጥቼ መሃል ቤት ስላቆምኩት እየተደናቀፍንበት ነው። ለውጥ አለው፤ አልዋሽም። ከምላጭ ወደ ቢላዋ ወርዷል። ግን ዝናቡ ገብቷል። ቆርቆሮው ሲንጫጫ አባቦራ አይሰማውምና ድምፁ ይጨመራል፤ ሲጨመር ያው ምላጩ ተመልሶ ይመጣል።

እንግዲያው መልሼ እልከዋለሁ አልኩ። ዱዓውን ወደመሩት ወደ ሼህ ኑዕማን ሰው ላክሁ፤ በጎ ሰው ናቸው፣ መጡ። በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ነገርኳቸው።

«ዱዓ የተደረገበት ዕቃ አይመለስም፣ ከድጁ። ዱዓውን መመለስ ይሆናል» አሉኝ።

«ሼህ፣ ያን ቀን እርስዎን ጆሮዎን አላመመዎትም?»

«አመመኝ» አሉ።

«ታዲያ ለምን ማሻአላህ አሉ?»

«የልጅ ስጦታ ነው። ሰው ከሩቅ አገር ልኮ ምን ልበል? አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?»

ይህን ሲሉ አባቦራ ከበሩ ኋላ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላየሁም። ሼሁ ከሄዱ በኋላ «ሰማሽ?» አለኝ። ተመልሶ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ግን ምን እንደሰማ ገብቶኛል። የሚያም ነገር እየሰሙ ጥሩ ነው የሚሉ ሰዎች መሃል ዕድሜውን ሙሉ መንዙማ እንዳወጣ ነው የሰማው።

በማግስቱ ተማሪዎቹ ከቴፒ መጡ። ከበር መለሳቸው። «ከእኔ የሚቀዳ የለም፤ ጅማ ሂዱ» አላቸው። ልጆቹ ጭቃ በጭቃ ሆነው ነው የመጡት፤ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ተመለሱ። በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነውር ተሠርቶ አያውቅም።

እንግዲህ ጠይቄሃለሁ። ሰምተኸዋል ወይስ አልሰማኸውም?

ከድጁ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ፣

አሰላሙ አለይኩም።

አልሰማሁትም።

ቆሜ፣ ደንበኛ እያስተናገድኩ፣ አንድ ዘፈን ሳይሞላ ነው የሰማሁት። እሱም የአባ ካሴት አልነበረም። ሱቃችን ውስጥ ሁሉም የሚመርጠው እንዲህ ነው፤ ሁለት ስፒከሮች ጎን ለጎን ይከፈታሉ፣ ጎልቶና ተስሎ የወጣው ይወሰዳል። እኔም አባን የማኮራበት መሰለኝ። ሰው ሲያየው ምን እንደሚል እንጂ አባ ከእሱ ጋር እንዴት እንደሚውሉ አላሰብኩም።

ባለፈው እሑድ ሱቁ ዝግ ስለሆነ ቁልፉን ተቀብዬ ገባሁ። ከሚዛን ስመጣ አባ የሰጡኝን የቴፒውን መውሊድ ካሴት ይዤ ነበር። መጀመሪያ በጥቁሩ ዓይነት ከፈትኩት። የመጀመሪያው ገጽ ደስ ይላል። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ውኃ ልጠጣ ተነሣሁ፤ ደግሞ በሩን ዘግቼው እንደሆነ ልይ ብዬ ተነሣሁ። በሩ ተዘግቷል። ያኔ ነው የገባኝ። ጆሮዬ ደከመኝ አላለም፤ እግሬ ነው የሸሸው። ጥርሴንም ነክሼ ነበር።

ከዚያ ያሉትን ሁሉ ተራ በተራ ሞከርኩ። ወደ ጓሮ የተገፋ አንድ ቡናማ ስፒከር አለ። ውድ ነው፤ ግን ደንበኛ ከጥቁሩ ቀጥሎ ሲሰማው «ደብዘዝ ይላል» ብሎ ያልፈዋል። የጥቁሩ ትንሿ ክብ ብረት ናት፤ የዚህኛው ጨርቅ ናት። የአባ ካሴት ገብቶ፣ አልቆ፣ ዝም ካለ በኋላ እንኳ ቁጭ ብዬ ቀርቼ ነበር። ድቤው ቆዳ ይመስላል እንጂ ቆርቆሮ አይመስልም። ድምፁን ዝቅ ሳደርገውም ቃላቸው አልጠፋም። እስኪመሽ ሰማሁት፤ አልደከመኝም።

እሱን ልኬዋለሁ። እንዴት እንዳገኘሁት አይጠይቁኝ። ለማንም አያሳዩት፤ ዱዓም አይደረግበት።

አፉ ይበሉኝ።

ሻሚል


ሚዛን ተፈሪ፣ ግንቦት 8 ቀን 1995 ዓ.ም.

ሻሚል፣

ዕቃው ደርሷል። መንገድ ላይ አልተሰበረም። እንዴት እንዳገኘኸው አልጠይቅህም፤ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ይህ ዕቃ ያን ጊዜም ሱቃችሁ ጓሮ ነበር ማለት ነው? እኔ የማይደክም ይሁን ብዬ ስጽፍ፣ አንተም ደብዳቤዬን አጥፈህ ኪስህ ስትከት፣ እዚያው ከጀርባህ ተቀምጦ ነበር? አፉ ይበሉኝ ብለሃል። ቆይ። ገና ነው።

ጎረቤት ሳይሰማ በቃጫ ጆንያ ሸፍኜ አስገባሁት። ከጆንያው አንድ ካሴት መዝዤ ከፈትኩ። ጓዳ ሆኜ ሰማሁት፤ አባቦራ ነው። በወጣትነቱ ትንፋሽ የሚስብበት ቦታ ሳይቀር እሱ ነው። እጄ ቡኮ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

እሱ ዓይኑን ጨፍኖ አንዱን ገጽ ጨረሰ። እኔ አለቀ ብዬ፣ ዳነ ብዬ ገባሁ።

«ጥሩ ዕቃ ነው» አለ። «ሽንገላ ያውቃል።»

«የምን ሽንገላ?»

«ይሄ እንደ ሼህ ኑዕማን ነው። ልብ እንዳይሰበር ለስለስ አድርጎ ይናገራል። ያ ጥቁሩ ግን ወደዚህ ቤት ከገባው ሁሉ እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው።»

«እኔስ? እኔ አልነገርኩህም?»

«አንቺ?» አለኝ። «አንቺማ ሁልጊዜ ጥሩ ነው ትያለሽ። ጥቁሩም ሲመጣ ጥሩ ነው ብለሻል።»

ብያለሁ። ሰው ሁሉ ፊት ምን ልል ነበር?

ሻሚል፣ ይህን የምጽፍልህ እንድታለቅስ አይደለም። ምን እንደሰበርክ እንድታውቀው ነው። ጥቁሩን ከቤት ማውጣት ይቻላል። የነገረውን ግን ከጆሮው ማን ያወጣለታል? ደግና ውድ ዕቃ ልከህ ሥራህን የጨረስክ ይመስልሃል።

ሰሞኑን መውሊድ ነበር። ከቴፒ ሽማግሌዎች ካሴት ሊለምኑት መጡ፤ እሱ መገኘት ባይችል ድምፁ እንዲገኝ። «ደህና የሚያወጣ ሰው ፈልጉ» ብሎ ሸኛቸው። ከዚያ ራሱ ጀይላን ሱቅ ድረስ ሄዶ መጥቶ ጆንያውን እንዲወስድ ነገረው። ጀይላን እስካሁን እየሸሸ ነው፤ ሲያየው መንገድ ይቀይራል። ግን እስከ መቼ ይሸሻል? በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰፈር።

ከድጁ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 25 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ነገር አስቤያለሁ። እዚህ ያሉትን የጅማና የሚዛን ሰዎች እየዞርኩ የአባን መንዙማ የሚያስታውሱ ሁሉ ስለ ድምፃቸው እንዲናገሩ በካሴት ቀድቻለሁ። አንድ ሐጂ እንደሳቸው ያለ ድምፅ አልሰማሁም ብለዋል። አንዱ ሲናገር አልቅሷል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስዎታል፤ እባክዎ በቡናማው ይክፈቱላቸው።

ጥቁሩን ደግሞ ይደብቁት። ለአባም ከመጀመሪያው የተበላሸ ነበር፣ ፋብሪካው ነው ያበላሸው ብለው ይንገሯቸው። እኔም እንደዚያው እጽፍላቸዋለሁ። እውነት ባይሆንም ለመልካም ነው።

እንዳይከፋቸው ብቻ ያባብሏቸው። ልብሳቸውን፣ ምግባቸውን፣ ካሴታቸውን ሁሉ ጥሩ ነው እያሉ ያባብሏቸው። ከእርስዎ ሌላ ማን አላቸው?

ልጅዎ ሻሚል


ሚዛን ተፈሪ፣ ሰኔ 17 ቀን 1995 ዓ.ም.

ሻሚል፣

የምስጋናው ካሴት ደርሶ ከፈትኩለት። ሐጂው ሳይጨርሱ አጠፋው። «ምስኪን ልጅ፣ ስንት ሰው አስቸገረ» አለ። የሚያለቅሰውንማ «ይሄ ማን ነው? እናቱ ሞታለች?» ብሎ ጠየቀኝ። የተበላሸ ነበር ብለህ የጻፍክለትን አንብቦ አጥፎ ለእኔ ሰጠኝ። የአንተ ውሸት እንደ ስፒከርህ ነው፤ ገና ሲከፈት ይታወቃል።

በዚያው ሳምንት ጀይላን መሸሻ አጣና መጣ። አንገቱን ደፍቶ በር ላይ ቆመ። አባቦራ «ግባ፤ ጆንያው ጓዳ ነው» አለው። እኔ ቡኮዬን ትቼ ወጣሁ። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ አውቃለሁ፣ ንዴት ነው። በአንተ፣ በሼሁ፣ በዚያ ሁሉ አሚን ባይ፣ ራሱን ቀብሮ ቁጭ ባለው ሰውዬም ላይ። ጆንያውን ጎትቼ ምንጣፉ ላይ ገለበጥኩት።

«ጀይላን፣ ቁጭ በል» አልኩት። «ሁሉንም አትወስድም። መጥፎዎቹን እኔ እመርጥልሃለሁ።»

አባቦራ ቀና አለ። «መጥፎዎቹን?»

«አዎ። ይኸው፣ ይህን የሸኮውን ውሰድ። ጉንፋን ይዞት አትሂድ ስለው እንቢ ብሎ የሄደበት ቀን ነው። የታሰረ በሬ ነው የሚመስለው።»

«ጉንፋን አልያዘኝም!» በዚያች ሹክሹክታው ጮኸ።

«ይዞሃል። ዝንጅብሉን ያፈላሁልህ እኔ ነኝ። ጀይላን፣ ይህንንም ውሰድ፤ የሼህ ኑዕማን ልጅ ሠርግ ነው። ከጅማ የመጣ መንዙመኛ አጠገቡ ተቀምጦበት፣ ልብለጠው ብሎ ከአቅሙ በላይ አወጣው። መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ።»

ጀይላን ሳያስበው «አዎ፣ ድቤ መቺው እንኳ ደንግጦ እጁ ቆመ» አለ።

አባቦራ ዞረበት። «አንተ! ያን ቀን ጅማን አዋረድካት ብለህ እጄን አልሳምከኝም?»

«ሳምኩህ። ምን ላድርግ? ሥጋ እየበላሁ ነበር።»

ወላሂ እንዲህ ነው ያለው። አባቦራ ሊስቅ ይሁን ሊማታ እንጃ፣ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። «ክፈቺው» አለኝ። በቡናማው ከፈትኩት። ያቺ ቦታ ስትደርስ ተሰነጠቀ። በለስላሳው ዕቃም ተሰነጠቀ። እሱም ሰማው። ሽንገላ ያውቃል ያለው ዕቃ እንከኑን አልሸፈነለትም። ካሴቱን ራሱ አውጥቶ ወደ ጀይላን ወረወረው።

«ቀጥዪ» አለኝ።

ቀጠልኩ። ይህኛው ችኮላ ነው፤ ለመሄድ መኪና ይጠብቀው ነበር። ይህኛው ላይ ቃል ዘሎ መልሶ ለጠፈው። እሱ ይከራከረኛል፤ እኔ እከፍታለሁ፤ አንዱ ላይ እኔ እረታለሁ፣ አንዱ ላይ እሱ። ጀይላን ሥራውን ረስቶ መሃላችን ተቀምጦ ዳኛ ሆነ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆመን ጠበቅነው እንጂ ድምፅ አልጨመርንም።

ከዚያ አባቦራ ራሱ ከክምሩ አንዱን አነሣ። የቴፒውን መውሊድ፣ ለአንተ ግልባጩን የሰጠህን። አስገባውና ፊቴን እያየ ተቀመጠ። «ይሄስ? ጥፋቱ የቱ ጋ ነው? ተናገሪ!»

ፈለግሁ፣ ሻሚል። ቂም ይዤ ነው የፈለግሁት። ትንፋሹን ጠበቅሁ፤ ቦታው ላይ ነው። ቃሉን ጠበቅሁ፤ አልጎደለም። ከፍ የሚልበት ሲደርስ አሁንስ ያዝኩት ብዬ ነበር፤ ከፍ አለ፣ ወረደ። ሁለቱም ገጽ አለቀ።

«የምለው የለኝም» አልኩት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ባገኝ እተውልህ ነበር?»

አየኝ፣ አየኝና «አትተዪም» አለ። ካሴቱን አውጥቶ በሸማው ጫፍ ጠራረገውና ከፊቱ አኖረው።

ለጀይላን የሄዱት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩትን እንደገና ከመጀመሪያው እየሰማ ነው፤ ከጠዋት እስከ ዐሱር። ተማሪዎቹ ከቴፒ ተመልሰው መጥተዋል፤ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የእኛን ጭቅጭቅ ጭምር ይማራሉ። አባቦራ ተሽሎት ደግ ሆነ እንዳይመስልህ። ከእኔ ጋር በየቀኑ ይጣላል። ትናንት «አንቺ መንዙማ ከማወቅሽ በፊት እኔ አውጥቼ ጨርሼ ነበር» ብሎ ምሳውን ሳይበላ ተነሣ፤ ከዚያ ተመልሶ ያንኑ ካሴት ከፈተና እኔ ያልኩትን ቦታ ሦስት ጊዜ ሰማው። ልክ ነሽ አላለኝም። ካሴቱን ግን ከደህናዎቹ ለይቶ አስቀመጠው።

ጥቁሩ ስፒከር ተኝቷል። ላዩ ላይ ለዱዓው ክብር ጨርቅ አንጥፌ ቁንዶ በርበሬ አስጥቼበታለሁ። ሼህ ኑዕማን አይተው «ምነው ከድጁ?» ቢሉኝ «ለዚህስ ጥሩ ነው» አልኳቸው። ሲወጡ ከበርበሬው እፍኝ ወሰዱ።

ለአንተ ያለኝ ንዴት አላለቀም። ቡናማው ጥሩ ዕቃ መሆኑን ሰምቼ ስላረጋገጥኩ እነግርሃለሁ፤ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ያደረግኸውን ግን አያጠፋልህም። የምስጋናውን ካሴት በአውቶቡስ ሹፌር መልሼ ልኬልሃለሁ፤ ላስለቀስከው ሰውዬ ስጠው።

በደብዳቤህ መጨረሻ የለመንከኝንም አንብቤያለሁ። ምግቡ ጨው ሲበዛበት ጨው በዝቶበታል እለዋለሁ። ድምፁ ሲሰነጠቅ ተሰነጠቀ እለዋለሁ። ይክፋው፤ ምሳውን ትቶ ይነሣ። እኔ ከእንግዲህ አባቦራን አላባብልም።

ከድጁ